ሁለት ቀን ተኩል ምን ያስተምራል?

በስታቲስቲካል ጄኔቲክስ አጭር የክረምት ስልጠና መክፈቻ ላይ ለሰልጣኞች የተደረገ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ጠዋት ስትመዘገቡ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከአንድ በላይ ሰው "በሁለት ቀን ተኩል ይህን ሁሉ እንዴት እንዘልቀዋለን?" ሲል ሰምቻለሁ። ጥያቄው ልክ ነው፤ መልሱንም አላዘገየውም። አትዘልቁትም። ስታቲስቲካል ጄኔቲክስ፣ ማለትም በዘር የሚወረሰውን በቁጥር የሚያጠናው ሙያ፣ ለዓመታት የሚማሩት፣ ከተማሩት በኋላም በየጊዜው አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣ ዘርፍ ነው። ሁለት ቀን ተኩል ማንንም ባለሙያ አያደርግም። በዚህ ጊዜ ውስጥ በእውነት ሊያዝ የሚችል አንድ ነገር ግን አለ፤ ያገኛችሁትን ውጤት ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት ራሳችሁ መጠርጠር። እኔ ከእነዚህ አጫጭር ኮርሶች ያተረፍኩት ትልቁ ነገር እሱ ነው። ዛሬም የማወራችሁ ስለ እሱ ነው።

ዘርፉ ራሱ በሁለት ሙያዎች መካከል ከተደረገ አጭር ጭውውት ነው የተወለደው ብል ማጋነን አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1908 በካምብሪጅ የነበረውን የጄኔቲክስ ሊቅ ሬጂናልድ ፑኔትን አንድ ጥያቄ አስቸግሮት ነበር። ዶሚናንት የሆነ፣ ማለትም ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚታይ ባህርይ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየሰፋ ሄዶ ሕዝቡን አይሸፍንም ወይ? የሚሸፍን ከሆነስ እስካሁን ለምን አልሸፈነም? ጥያቄውን ክሪኬት አብሮት ለሚጫወተው የሒሳብ ሊቅ ለጂ. ኤች. ሃርዲ አቀረበለት። ሃርዲም ከማባዣ ሰንጠረዥ ብዙ በማይርቅ ሒሳብ መለሰለት። ሰዎች ልጅ የሚወልዱት ይህን ባህርይ አይተው ሳይመርጡ ከሆነ፣ ሕዝቡ ብዙ ከሆነ፣ የተፈጥሮ ምርጫም ፍልሰትም ሚውቴሽንም ካልገባበት፣ ድርሻው ባለበት ይቆያል። ይህንኑ በዚያው ዓመት፣ ከሃርዲ ወራት ቀደም ብሎ፣ ሽቱትጋርት ውስጥ ቪልሄልም ዋይንበርግ የተባለ ሐኪም በጀርመንኛ ተናግሮት ነበር። በእንግሊዝኛ በሚጽፉት ዘንድ ስሙ ከሃርዲ ጋር አብሮ መጠራት የጀመረው ግን ከ35 ዓመት በኋላ ነው፤ በ1943 ከርት ስተርን አስታውሶ ሲጽፍለት።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሁላችሁም አላችሁ። ጥያቄው እያለው ስሌቱ የቸገረው ባዮሎጂስት አለ። ስሌቱ እያለው ጥያቄው ሳይደርሰው የኖረ የሒሳብ ሰው አለ። ሁለቱንም ይዞ የሚሰማው ያጣ ሐኪም አለ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1918፣ ሮናልድ ፊሸር እንደ ቁመት ያሉ ቀስ በቀስ የሚለያዩ ባህርያት ከሜንዴል ሕግ ጋር እንደማይጋጩ አሳየ። ቫሪያንስ የሚለውን፣ ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካውን፣ ዛሬ ስታቲስቲክስ የተማረ ሁሉ የሚያውቀውን ቃል ያስገባውም በዚሁ ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ዘርፎች በአንድ ማሕፀን አደጉ ማለት ነው። በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ለየብቻ ሕንጻ ሰጧቸው፤ የአንዱ ተማሪ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ ይመረቅ ጀመር።

አጫጭር ኮርሶች የመጡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። በ1987 ቤልጂየም ውስጥ ሌቨን ላይ ስለ መንትዮች ጥናት ዘዴ የተጀመረው ዓውደ ጥናት በኋላ ቦልደር፣ ኮሎራዶ ገብቶ የብዙ ተመራማሪዎች መነሻ ሆነ። ብሩስ ዊር በ1996 በኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት የክረምት ተቋም ደግሞ በ2006 ወደ ሲያትል፣ ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ትምህርቱን ሁለት ቀን ተኩል በሚፈጁ ክፍሎች ቆርሶ፣ ሰልጣኙ እንደ ፍላጎቱ ሁለት ሦስቱን እንዲመርጥ ያደረገው አሠራር በሰፊው የታወቀው በእሱ ነው። የእኛም መርሐ ግብር የተቀዳው ከዚያ ነው። በአውስትራሊያ አርሚዴል ለእንስሳት እርባታ ባለሙያዎች የሚሰጠው የክረምት ኮርስ የሚውለው በየካቲት አካባቢ ነው፤ ለእነሱ ዕረፍቱም ሙቀቱም ያኔ ነውና። ይህን የማነሳው ዘርፉ የሰው ሕክምና ብቻ እንዳልሆነ እንድታስታውሱ ነው። የላም ወተት፣ የስንዴ ምርት፣ የሰው የደም ግፊት የሚሰሉት በአንድ ዓይነት እኩልታ ነው። ምሳ ላይ ከእርባታ ባለሙያ አጠገብ የመቀመጥ ዕድል ካገኛችሁ አትለፉት። ሐኪሞች ገና ሲጀምሩት እነሱ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሠሩበት ነገር አለ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ወረቀትና እርሳስ አውጡ፤ ኮምፒውተሩ ይቆይ።

1,000 ሰዎች አሉን እንበል። በአንድ የዲኤንኤ ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት አሌል፣ ማለትም የዚያ ቦታ ሁለት መልክ፣ አለ፤ አንዱን ሀ፣ ሌላውን ለ እንበለው። እያንዳንዱ ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ስለሚወስድ ሦስት ዓይነት ሰው ይኖረናል፤ ሀሀ፣ ሀለ እና ለለ። ስንቆጥር 400 ሰዎች ሀሀ፣ 400 ሰዎች ሀለ፣ 200 ሰዎች ለለ ሆኑ። በጠቅላላው 2,000 አሌል አለ። ከሀሀዎቹ 800፣ ከሀለዎቹ 400፣ ድምሩ 1,200 ሀ ነው። የሀ ድርሻ 0.6፣ የለ ድርሻ 0.4 ሆነ ማለት ነው።

ሃርዲና ዋይንበርግ እንደሚሉት ሀሀ መሆን የነበረበት 0.6 በ0.6፣ ማለትም 360 ሰው ነው። ሀለ ሁለት ጊዜ 0.6 በ0.4፣ ማለትም 480። ለለ 160። የቆጠርነው ግን 400፣ 400፣ 200 ነው። ሁለት የተለያዩ አሌሎች የያዙት ሰዎች 80 ጎድለዋል። ካይ ስኩዌሩን፣ ማለትም የቆጠርነው ከጠበቅነው ምን ያህል እንደራቀ የሚለካውን ቁጥር፣ ሥሩት። በሀሀ 4.4፣ በሀለ 13.3፣ በለለ 10፣ ድምሩ 27.8 ይመጣል። በዕድል እንዲህ ያለ ልዩነት ይመጣል ብሎ የሚከራከር አይኖርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙ "ይህ ቦታ ፈተናውን ወድቋል" ይለዋል፤ እሱም መስመሩን ሰርዞ ያልፋል። መሰረዙ አንዳንዴ ልክ ነው። ለምን ወደቀ ብሎ ሳይጠይቁ መሰረዝ ግን ዳታው ሊነግራችሁ የመጣውን አፉን መዝጋት ነው።

እስቲ እንጠይቀው። እነዚህ 1,000 ሰዎች ከሁለት ቦታ የመጡ ቢሆኑስ? ከመጀመሪያው ቦታ 500፣ ከሁለተኛው 500። በመጀመሪያው ቦታ የሀ ድርሻ 0.8 ነው፤ በሁለተኛው 0.4። የመጀመሪያውን አስሉት፤ 320 ሀሀ፣ 160 ሀለ፣ 20 ለለ። ሁለተኛውን አስሉት፤ 80፣ 240፣ 180። ሁለቱም ለየብቻቸው የሃርዲና የዋይንበርግን ሕግ አንዲት ሰው ሳታፈነግጥ የጠበቁ ናቸው። አሁን ደምሩ። 400፣ 400፣ 200።

ላቦራቶሪው አልተሳሳተም። የተጓደለ ናሙና የለም። ሁለት ጤናማ ሕዝቦችን አንድ ላይ ስለቆጠርናቸው ብቻ 80 ሰው የጎደለ መሰለን። ይህን በ1928 ያሳየው ስዊድናዊው ስተን ዋሉንድ ነው፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

እስካሁን የከፋ ጉዳት አልደረሰም። አንድ እርምጃ እንቀጥል። በሁለተኛው ቦታ የሚኖሩት ሰዎች የሚተነፍሱት አየር አቧራማ ነው እንበል፤ በዚህ የተነሳ ከ100ው 30ው ሳል ይዞታል። በመጀመሪያው ቦታ አየሩ ንጹህ ነው፤ ከ100ው 10 ብቻ ናቸው የታመሙት። አሌሉ ከሳሉ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይህን እኛ እናውቃለን፤ ምሳሌውን የሠራነው እኛ ነንና። ተመራማሪው ግን አያውቅም። 200 ታማሚና 800 ጤነኛ አንድ ላይ ሰብስቦ አሌሉን ይቆጥራል። ታማሚዎቹ 50ው ከመጀመሪያው፣ 150ው ከሁለተኛው ቦታ ናቸው፤ የሀ ድርሻቸው 0.5 ይሆናል። ጤነኞቹ 450ው ከመጀመሪያው፣ 350ው ከሁለተኛው ናቸው፤ የሀ ድርሻቸው 0.625 ይሆናል። ካይ ስኩዌሩ 20.8 ነው። ፒ ቫሊዩው፣ ማለትም ምንም ግንኙነት ሳይኖር እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል፣ ከ100,000 አንድ እንኳ አይሞላም።

ተመራማሪው "ከሳል የሚከላከል ዘረመል አገኘሁ" ብሎ ይጽፋል። ያገኘው አቧራ ነው።

ይህን ስሌት ሠርታችሁ ቁጥሩ በእጃችሁ ሲወጣ የሚሰማችሁን ስሜት እፈልገዋለሁ። በስላይድ ባሳያችሁ ጭንቅላታችሁን ነቅንቃችሁ ታልፉታላችሁ፤ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል። በእርሳስ የሠራችሁት ግን አይጠፋም። መድኃኒቱን ነገ ከሰዓት እናየዋለን። በ1999 ዴቭሊንና ሮደር ያቀረቡት፣ የተጋነነውን ውጤት በጠቅላላው ዝቅ የሚያደርገው ጄኖሚክ ኮንትሮል አለ፤ በ2006 ፕራይስና ባልደረቦቹ ያመጡት፣ የሰዎቹን የዘር መነሻ ፕሪንሲፓል ኮምፖነንት በሚባል፣ ብዙ ልዩነትን በጥቂት ቁጥሮች በሚያጠቃልል ስሌት ለክቶ ስሌቱ ውስጥ የሚያስገባው ዘዴ አለ። ፕሮግራሙን ማስኬድ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው። ለምን እንደምታስኬዱት ማወቅ ነው ጠዋቱን ሙሉ የሚወስደው።

አንድ የራሴን ልጨምር።

ከዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ኮርስ ላይ፣ እናንተ በተቀመጣችሁበት ወንበር ተቀምጬ ነበር። የራሴን ዳታ ይዤ ነበር የሄድኩት። ማንሃተን ፕሎት የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ክሮሞሶሞቹ ወደ ጎን ተደርድረው፣ ፒ ቫሊዩው ያነሰው ነጥብ ከፍ ብሎ የሚወጣበት ስዕል ነው። በእኔ ስዕል ላይ አንድ ነጥብ ከሌሎቹ ተለይቶ ጣሪያ ነክቷል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለዚያ ነጥብ ሳስብ ነበር የሰነበትኩት። በአቅራቢያው ያሉትን ዘረመሎች አጥንቻለሁ፤ ለምን በሽታውን እንደሚያመጣ የሚያስረዳ ታሪክም በአእምሮዬ ሠርቼለታለሁ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ለአስተማሪያችን አሳየኋቸው። ስዕሉን ትንሽ ቆየት ብለው አዩና "ይህ ነጥብ ጎረቤት የለውም?" አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። አስረዱኝ። ዲኤንኤ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ነጥብ በነጥብ ሳይሆን በቁራጭ በቁራጭ ነው። አንድ ነጥብ በእውነት ከበሽታው ጋር ከተያያዘ አብረውት የሚወረሱት ጎረቤቶቹም ተከትለውት ከፍ ይላሉ፤ ስዕሉ ላይ እንደ ማማ ሆኖ ይታያል። ሊንኬጅ ዲስኢኩሊብሪየም የምንለው ይህንኑ ነው። ጎረቤት በበዛበት ቦታ ብቻውን ሰማይ ላይ የቆመ ነጥብ ብዙ ጊዜ የንባብ ስህተት ነው።

ቀጥለው የጠየቁኝ ደግሞ እስከ ዛሬ ማንኛውንም ዳታ ስከፍት መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ ሆነ። "የታማሚዎቹና የጤነኞቹ ናሙና በአንድ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ፣ በአንድ ጊዜ ነው የተነበበው?" አልነበረም። የታማሚዎቹ ቀድሞ፣ የጤነኞቹ ከወራት በኋላ ነበር የተነበበው። የዚያን ነጥብ የንባብ ስዕል ከፍተን አየነው። ሀሀ፣ ሀለ፣ ለለ የሆኑት ሰዎች ለየብቻቸው ሦስት ደመና ሆነው መታየት ነበረባቸው። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ ደመናዎች ተጣብቀዋል፤ ማሽኑም መሃል ላይ ያሉትን ሰዎች ግማሹን ወደ አንዱ፣ ግማሹን ወደ ሌላው መድቧቸዋል። የእኔ ግኝት የተወለደው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጽሑፉን ልኬው ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር የሚለው ነው ያስጨነቀኝ።

ይህ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም። በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ 100 ዓመት ስላለፋቸው ሰዎች ዘረመል አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ናሙናዎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቺፕ፣ ዲኤንኤውን በሚያነበው መሣሪያ፣ አልተነበቡም ነበር፤ ከቺፖቹ አንዱ በአንዳንድ ቦታዎች ላይ በትክክል እንደማያነብ ታወቀ። ጥናቱ በ2011 ከመጽሔቱ እንዲሰረዝ ተደረገ፤ ተመራማሪዎቹ ዳታውን አጥርተው፣ እንደገና ተንትነው በ2012 በሌላ መጽሔት አሳተሙት። ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ስህተቱ ሲታይም አርመውታል። እኔ የምላችሁ፣ ያቺ የሳህን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ከተጠየቀች ጥቂት ደቂቃ ትወስዳለች፤ መጨረሻ ላይ ከተጠየቀች ዓመት ትወስዳለች።

ስለ ፈተናው ወሰን በአጭሩ። አንድ ሚሊዮን ቦታ ስትፈትኑ በተለመደው የፒ ቫሊዩ ወሰን፣ በ0.05፣ ብትሄዱ 50,000 ቦታ በዕድል ብቻ "ግኝት" ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ 0.05ን ለአንድ ሚሊዮን አካፍለን 0.00000005ን እንጠቀማለን። ይህን ቁጥር ሁላችሁም ሰምታችሁታል። ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ግን አንድ ሚሊዮኑ ከየት እንደመጣ ነው። የቺፑ ነጥቦች ብዛት አይደለም። ጎረቤቶች አብረው ስለሚወረሱ፣ ራሳቸውን የቻሉ ስንት ፈተናዎች አሉ ተብሎ የተገመተ ነው፤ ግምቱም በዋናነት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዲኤንኤ ላይ የተመሠረተ ነው። በአፍሪካውያን ዲኤንኤ ውስጥ አብረው የሚወረሱት ቁራጮች አጠር ያሉ ናቸው፤ የሰው ልጅ ረጅሙን ዕድሜውን የኖረው እዚያ ስለሆነ ቁራጮቹ ብዙ ጊዜ ተቆራርጠዋል። ቁራጩ ሲያጥር ራሳቸውን የቻሉ ፈተናዎች ቁጥር ይጨምራል፤ ወሰኑም ከዚያ የበለጠ መጥበቅ አለበት። ቁጥሩን እንደ ሕግ ሸምድዶ የሄደና ከየት እንደመጣ ገብቶት የሄደ ሰልጣኝ የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው።

እዚሁ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያንገበግበኝ ጉዳይ ነው። በ2019 በወጣ ግምገማ መሠረት፣ በእነዚህ ሰፋፊ ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 2 በመቶ ብቻ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ በአውሮፓውያን ዳታ የተሠራ የፖሊጄኒክ ነጥብ፣ ማለትም የብዙ የዲኤንኤ ቦታዎችን ውጤት ደምሮ የሰውን ባህርይ ወይም በሽታ የሚተነብይ ቁጥር፣ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ትክክለኛነቱ በአማካይ 4.5 ጊዜ ያህል እንደሚወርድ አሳየ። የአንዱ ሕዝብ ልኬት ለሌላው ልክ አልሆነም ማለት ነው። የሚቀረው ደግሞ ፍትሕ ብቻ አይደለም፤ እውቀትም ይቀራል። ፒሲኤስኬ9 የተባለውን ዘረመል ውሰዱ። በ2006 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጠኑት ጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶው ይህን ዘረመል ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ለውጥ አላቸው። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮላቸው በ28 በመቶ ያነሰ ነው፤ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ደግሞ በ88 በመቶ። ለውጡ በነጮቹ ዘንድ እጅግ ጥቂት ነበር። ከዚህ ግኝት ተነስተው የተሠሩት መድኃኒቶች በ2015 ተፈቀዱ፤ ዛሬ የሚወስዳቸው የየትኛውም ዝርያ ሰው ነው። እነዚያ ሰዎች ጥናቱ ውስጥ ባይገቡ ኖሮ ይህ ሁሉ በዚያ መንገድ አይገኝም ነበር።

በ2010 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትና ዌልካም ትረስት ከአፍሪካ የሰው ልጅ ጄኔቲክስ ማኅበር ጋር ሆነው የጀመሩት ኤችስሪአፍሪካ የተባለው የአፍሪካውያን ዘረመልና ጤና የምርምር ፕሮግራም ከምርምሩ ጎን ስልጠናን ዋና ሥራው ያደረገው ለዚህ ነው። ናሙናው ከአንድ ቦታ ተሰብስቦ ትንተናው ሌላ ቦታ ከሄደ፣ "ይህ ሕዝብ ከሁለት ቦታ የመጣ ነው፤ አንዱ ጋ አቧራ አለ" ብሎ የሚናገር ሰው ጠረጴዛው ላይ አይኖርም። ያን የሚያውቀው እዚያ የኖረ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ሁለት ደመና ያሳያችኋል፤ ደመናዎቹ እነማን እንደሆኑ የሚነግራችሁ ግን ሰው ነው።

አሁን ስለ እናንተ። አጭር ኮርስ ላይ ከሚገኘው ነገር ሁሉ እኔ የማስበልጠው ከአሰልጣኞቹ ጋር መቀመጥን ነው። በእነዚህ ኮርሶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚያስተምሩት ዘዴውን የፈጠሩት ወይም ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ናቸው። የፕሮግራሙ መመሪያ እንዴት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። የጻፈው ሰው ግን መቼ እንደማይሠራ ይነግራችኋል፤ ያውም ከጠየቃችሁት ነው። ስለዚህ ሻይ ላይ "ይህን ዘዴ አንቺ ራስሽ በምን ዓይነት ዳታ ላይ አትጠቀሚበትም?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ሳይዘጋጁ የሚመጡ ሰዎች በጣም ይጎዳሉ፤ ይህንን አይቻለሁ። ያለፈው ወር ደብዳቤያችን ላይ ፕሮባቢሊቲን፣ ቀላል ሪግሬሽንን፣ አር የተባለውን ፕሮግራምና ትዕዛዝ የሚጻፍበትን የኮምፒውተሩን ጥቁር መስኮት ተለማመዱ ያልነው ለዚህ ነው። ያልተለማመደ ሰው የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳልፈው ፋይሉ የት እንደተቀመጠ ሲፈልግ ነው። ያልቻላችሁ ካላችሁ አትሸማቀቁ፤ ዛሬ በምሳ ሰዓት ከኋላ ጠረጴዛ ረዳቶቻችን ይጠብቋችኋል። ሐኪሞች ከሒሳብ ሰዎች አጠገብ ተቀመጡ፤ ሆን ብለን ነው የቀላቀልናችሁ። የሒሳብ ሰዎች፣ ሐኪሙ "ይህ በሽታ ሁለት ዓይነት ነው" ሲላችሁ እስክሪብቷችሁን አስቀምጣችሁ አዳምጡት። ሁለት በሽታን እንደ አንድ የቆጠረ ስሌት የቱንም ያህል ቢያምር አይድንም።

ወደ ቤታችሁ ስትመለሱም የተማራችሁት በፍጥነት ይሸሻል። የእኔ ምክር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከራሳችሁ ዳታ ላይ አንዲት ትንሽ ትንተና፣ አንድ ክሮሞሶም ብቻም ቢሆን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድትሠሩ ነው። ሁለቱ አሌሎቻቸው ኤ እና ቲ፣ ወይም ሲ እና ጂ የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት የሆኑት ቦታዎች ሁለት ዳታ ስትቀላቅሉ እንዴት ተገልብጠው እንደሚያሳስቷችሁ የሚገባችሁ ያኔ ነው፤ እዚህ ሳሳያችሁ ቀላል ይመስላችኋል። ዳታ የሌላችሁ በነጻ የተለቀቀውን የ1000 ጄኖምስ ዳታ ተጠቀሙ። ከ26 ሕዝቦች የተሰበሰበ የ2,504 ሰዎች ዳታ ነው፤ ለልምምድ ይበቃል።

ልጨርስ ነው። ፊት ለፊታችሁ ያለውን ወረቀት ገልብጡት። አሁንም 1,000 ሰዎች ናቸው። 250 ሀሀ፣ 700 ሀለ፣ 50 ለለ። የሀን ድርሻ አስሉት፤ አሁንም 0.6 ነው። ሀለ ይሆናሉ ብለን የጠበቅነው 480 ሰው ነበር፤ 700 መጡ። ቅድም 80 ጎድሎብን ነበር፤ አሁን 220 ተርፎናል። ሁለት ሕዝብ መቀላቀል ሀለዎቹን ያጎድላል እንጂ አያበዛም፤ ቅድም የሠራነው ማብራሪያ እዚህ አይሠራም። የሥጋ ዘመዳሞች ጋብቻም ያጎድላል እንጂ አያበዛም።

ታዲያ እነዚህ 220 ሰዎች ከየት መጡ? ማሽኑ ምን እያየ ነው ሀለ የሚላቸው? ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተነጋገሩበት። ኮምፒውተር አትክፈቱ። ግማሽ ሰዓት አላችሁ።